«ላፕቶፔን አንተ ውሰደው» ካለን በኋላ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ከባሕር ዳርና ከጣና ዙሪያ ሰሞኑን የደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ አንድ ነገር ናቸው፤ መኖር ስለታከተው ሰው። የጸሐፊዎቹን ስም አላወጣንም፤ የሚያሳውቃቸውንም ሁሉ ቀይረናል። ገጹን እስከ መጨረሻው ለማንበብ ጊዜ ለሌለው ይህን እናስቀድም፦ ዛሬ ማታ ራስን የማጥፋት ሐሳብ የበረታበት ሰው ብቻውን አይደር። የፈለገ ሕይወትም የጥበበ ጊዮንም ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሌሊትም ይሠራል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው።

*

«የፖሊ ካምፓስ ተማሪ ነኝ። የአንድ ዶርም ልጆች የቴሌግራም ቡድን አለን። ባለፈው ሐሙስ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ፣ ቤተሰቡ ጋ የሄደ ጓደኛችን ‹ደክሞኛል፤ ላፕቶፔን አንተ ውሰደው፤ ሁላችሁም ይቅር በሉኝ› ብሎ ጻፈ። ቀልድ መስሎን ነበር፤ የሳቅ ምልክት ላክን። ጠዋት ስንደውልለት ‹ባክህ ሰክሬ ነው› አለ። ነገሩ አልፏል ማለት ነው?»

አላለፈም። መጠጥ የሌለ ሐሳብ አይፈጥርም፤ ያለውን ያናግራል፣ ልጓሙንም ያላላል። ስለዚህ «ሰክሬ ነው» የሚለው መልስ የሚያሳስብ እንጂ የሚያረጋጋ አይደለም።

በመሳቃችሁ አንወቅሳችሁም። አማርኛችን ከሞት ጋር ቤተኛ ነው። «አፈር ስሆን»፣ «ልሙትልህ»፣ «ምነው በሞትኩት»፣ «መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ» በቀን ስንት ጊዜ እንላለን! እናት ልጇን አንዲት ጉርሻ የምታስጨምረው በሞቷ አስምላ ነው። ጆሯችን ለምዶታል። ስለዚህ ቃሉን ብቻ ይዛችሁ አትፍረዱ፤ አብሮት የመጣውን እዩ። የጓደኛህን መልእክት ደግመህ አንብበው። የሚወደውን ዕቃ አደለ። ሳይጣላ ይቅርታ ጠየቀ። ሰው በሚተኛበት ሰዓት ጻፈ። ሦስቱ አንድ ላይ ሲመጡ ስንብት ነው። በእነዚህ ላይ «ሸክም ሆንኩባችሁ» ወይም «መውጫ የለኝም» የሚል ንግግር፣ የእንቅልፍ መጥፋት፣ ድንገት ዕዳን መክፈል፣ ብዙ ሰንብቶ ሲጨነቅ የነበረ ሰው በአንድ ቀን እፎይ ማለት ከተጨመሩ ነገሩ አጣዳፊ ነው። የመጨረሻው ብዙ ሰው ያታልላል፤ «ተሻለው» ተብሎ የሚተወው ያን ጊዜ ነው።

አሁን የምታደርገው መጠየቅ ነው። በቡድኑ ውስጥ አይሆንም፤ በጽሑፍም አይሆንም፤ በድምፅ ደውል፣ ቅርብ ከሆነ ሂድ። አጠያየቁ ወሳኝ ነው። «ክፉ ነገር አላሰብክም አይደል?» ስትለው መልሱን አብረህ አጉርሰኸዋል፤ «አይ፣ ምን በወጣኝ» ከማለት ሌላ ምርጫ የለውም። እንዲህ በለው፦ «ሐሙስ ማታ የጻፍከውን ደግሜ አነበብኩት። ራስህን ስለማጥፋት እያሰብክ ነበር ወይ?» ቃሉን በስሙ ጥራው። መጠየቅ ሐሳቡን ይጭርበታል የሚባለው ፍርሃት መሠረት የለውም፤ በተደጋጋሚ ተጠንቷል፣ የተጠየቀ ሰው ይቀለዋል እንጂ አይብስበትም።

ከጠየቅህ በኋላ ዝም በል። እኛ ዝምታ አንወድም፤ «እና ቤተሰብ ደህና ነው?» ብለን እናመልጣለን። አታምልጥ። «አዎ» ካለህ አራት ነገር በተራ ጠይቀው፦ «ዛሬስ ሐሳቡ አለ?»፣ «እንዴት እንደምታደርገው አስበሃል?»፣ «ያሰብከው ነገር እጅህ ላይ አለ?»፣ «ከዚህ በፊት ሞክረህ ታውቃለህ?» ሐሳብ ብቻ ከሆነ በዚህ ሳምንት ሐኪም ይየው። ዕቅድ ካለውና ዕቃው በእጁ ከሆነ ግን ዛሬውኑ ነው፤ እስኪታይ ድረስም ለአንድ አፍታ ብቻውን አይሁን። ቀድሞ የሞከረ ከሆነ ከሌላው ምልክት ሁሉ ይህ ይከብዳል።

«ለእናትህ አታዝንም?» አትበለው። እናቱን የገላገላት መስሎታል፤ የምትነካው ያንኑ ቁስል ነው። «ከአንተ የባሰ ስንት አለ»ም አይረዳም። «በስመ አብ በል!» ደግሞ፣ ከቅን ልብ ቢወጣም፣ ለሰሚው «እዚህ ላይ ይብቃ» የሚል ትእዛዝ ነው። የሚረዱት ትናንሽ ጥያቄዎች ናቸው፦ ከመቼ ጀምሮ ነው? የሚከብድህ የትኛው ሰዓት ነው? እስካሁን ምን አቆየህ?

«ለማንም እንዳትናገር» ብሎ ያስምልህ ይሆናል። አትማልለት። «ለሁሉ አላወራም፤ ብቻዬን ግን አልይዘውም። ለማን እንንገር? አንተው ምረጥ» በለው። ምርጫው የእሱ ሲሆን ክህደት አይመስለውም። ከመረጠው ሰው ጋር ሳትነጋገሩ አትደሩ።

ሩቅ ስላለ ሁለት ሆናችሁ ሥሩ። አንደኛው መስመር ላይ ይቆየው፣ «አሁን የት ነህ? አጠገብህ ማን አለ?» እያለ። ሁለተኛው በሌላ ስልክ ለቤተሰብ ወይም ለጎረቤት ይደውል። ዳታ ሲቋረጥ ቴሌግራም ይጠፋል፤ መደበኛ ጥሪና ኤስኤምኤስ የሚሠራ ከሆነ በዚያ ቀጥሉ፤ ካርድ ሙሉለት፣ የምትደውሉበትንም ሰዓት ቁረጡ። ሰዓት እላፊ ያለበት ማታ ከሆነ መንገድ ላይ አትውጡ፤ በቅርብ ያለ ሰው አብሮት ይደር፣ ሲነጋ ይሂዱ።

የሳቃችሁት ልጆችም ሥራ አላችሁ። መልእክቱን ስክሪንሹት እያደረጋችሁ አታዙሩት፤ እሱ በሌለበት ሌላ ቡድን ከፍታችሁም አታማክሩበት፣ መድረሱ አይቀርም። እያንዳንዳችሁ በግል «አንብቤ ስቄ ነበር፤ አልገባኝም ነበር፤ ስትመለስ ምሳ አብረን እንብላ» ብላችሁ ጻፉለት፤ ቀኑን ቆርጣችሁ። ሲመለስ አንዳችሁ አብራችሁት ወደ ተማሪዎች ክሊኒክ ሂዱ።

*

«ፎገራ ውስጥ ሩዝና ሽንኩርት እናመርታለን። የወንድሜ ሚስት ከወለደች አራት ወሯ ነው። ሰው ማናገር ትታለች፤ እንቅልፍ የላትም። ባለፈው ሳምንት ‹ልጆቼን አደራ› አለችኝ። እቤታቸው የመርጫ ኬሚካል አለ። ወንድሜ ‹ከደበቅነው ይገባታል፣ ይብስባታል› ይላል።»

ኬሚካሉ ዛሬ ከዚያ ቤት ይውጣ። በስውር መደበቅ አያስፈልግም፤ በግልጽ ይንገሯት፦ «ይህን ነገር ለጊዜው ከቤት አውጥተነዋል። የምንሰጋው ለአንቺ ነው፤ ሲሻልሽ ይመለሳል።» በስውር የተደበቀ ይፈለጋል። ተነግሮ የወጣ ግን «አይተውኛል» የሚል ስሜት ይሰጣል፤ ብዙዎች እፎይ ይላሉ።

የት ይቀመጥ? አልጋ ሥርና ማድ ቤት አይሆንም። ቁልፍ ባለው ሳጥን፣ ከመኝታ ቤት ውጭ፣ ቁልፉ ደግሞ በእሷም በልጆችም እጅ በማይገባ አንድ ሰው ኪስ ይሁን። ከሁሉ የሚሻለው ጎረቤት ቤት ወይም የኅብረት ሥራ ማኅበሩ መጋዘን ነው፤ በርቀቱ የሚገኘው ጊዜ ነው የሚያድነው። ለአንድ ርጭት ከሚበቃው በላይ አትግዙ። ወደ ሃይላንድ ጠርሙስ አትገልብጡ፤ ልጅ ውኃ መስሎት ይጠጣል፣ ሐኪምም ምን እንደሆነ የሚያነብበት ጽሑፍ ይጠፋል። ክኒንም በዚሁ ሕግ ይቀመጥ። ጠብመንጃ ያለበት ቤት ከሆነ መሣሪያው ዘመድ ጋ ይሰንብት፤ ጥይቱም ተለይቶ።

«ሊሞት የፈለገ ሌላ መንገድ አያጣም» የሚባለው ስሕተት ነው። ሐሳቡ ወር ሊቆይ ይችላል፤ ድርጊቱ አፋፍ ላይ የሚያደርሰው ጭንቀት ግን ብዙ ጊዜ የሰዓታት፣ አንዳንዴም የደቂቃዎች ነው። በዚያች ሰዓት የሚወስነው እጅ ላይ ያለው ነው። ስሪላንካ ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እጅግ መርዛማ የሆኑትን ፀረ ተባዮች ደረጃ በደረጃ ከገበያ አወጣች። በ20 ዓመት ውስጥ ራስን የማጥፋት ሞት በ70 በመቶ ገደማ ወረደ። የእርሻው ምርት አልቀነሰም። የሕዝቡ ችግርና ኀዘን ግን በእነዚያ ዓመታት አልጠፋም ነበር፤ ከእጅ የጠፋው መርዙ ነው።

ስለ እሷ ደግሞ፦ አራት ወር የሞላት እናት አሁንም በወሊድ ድባቴ ዘመን ውስጥ ናት። ስንፍና አይደለም፣ ዓይነ ጥላም አይደለም፤ የሚታከም ሕመም ነው። ከላይ ለተማሪው የጻፍነውን ጥያቄ እርስዎ ይጠይቋት፤ ሴት ለሴት ይቀላል። ሌሊት ሕፃኑን ሌላ ሰው ይቀበላት፤ ቢያንስ አራትና አምስት ሰዓት ያልተቆራረጠ እንቅልፍ ታግኝ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ያነጋግሩና ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዷት። ሌላ ሰው የማይሰማውን ድምፅ እሰማለሁ ካለች፣ ወይም ስለ ልጁ እንግዳ ነገር ማውራት ከጀመረች፣ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ ያንኑ ቀን ደብረ ታቦር ወይም ባሕር ዳር ሆስፒታል ያድርሷት። የጤና መድን ደብተር ካላችሁ ለተመላላሽ ሕክምና ከጤና ጣቢያ ሪፈር ያጽፉ፤ ለድንገተኛ ግን ወረቀት ብላችሁ አትዘግዩ።

ትሪያጅ ላይ (ሆስፒታል ሲደርሱ ሕመምተኛውን መጀመሪያ ጠይቀው ወደ ክፍሉ የሚመሩበት ቦታ) የሚሉት አንድ ዓረፍተ ነገር ብዙ ይለውጣል። «ራሷን ያማታል፣ ልቧን ይወጋታል» ካሉ የራስ ምታት ወረፋ ላይ ትቀመጣለች። «ራሷን ስለማጥፋት ታስባለች» ይበሉ፤ በዚሁ ቃል።

እግዜር አያምጣውና ኬሚካል የዋጠ ሰው ካጋጠመ፦ አታስመልሱ፣ ወተት ወይም እንቁላል አታጠጡ። የነካውን ልብስ አውልቁ፣ ገላውን በውኃ እጠቡ፣ የምትረዱትም እጃችሁን በፌስታል ሸፍኑ። ከደከመ በግራ ጎኑ አስተኙት። የኬሚካሉን ዕቃ ይዛችሁ ወደ ቅርቡ ጤና ጣቢያ ሂዱ። 907 ካልደረሰ ባጃጅም ይሁን የጭነት መኪና፣ ያገኛችሁትን አስቁሙ። «አሁን ደህና ነኝ» ቢልም ሂዱ፤ አንዳንዱ መርዝ ጉዳቱ የሚታየው ዘግይቶ ነው።

*

«ሆስፒታል ብወስደው ፖሊስ ይይዘዋል ወይ? ቤተሰቡ ‹ተሳስቶ ጠጣው እንበል› ይላል።»

በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ራሱን ለማጥፋት የሞከረ ሰው በመሞከሩ አይቀጣም። አንቀጽ 542 የሚቀጣው ሌላውን ሰው ራሱን እንዲያጠፋ የገፋፋን ወይም የረዳን ነው። «ተሳስቶ ነው» ካላችሁ ሐኪሙ ሆዱን አክሞ ይሸኘዋል፤ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ሳያየው ወደዚያው ቤት ይመለሳል ማለት ነው። እውነቱን ንገሩ።

*

«ልጄ 22 ዓመቱ ነው። ክኒን ከጀመረ አሥር ቀኑ ነበር። ምንም ለውጥ ስላላየሁ፣ ዐቢይ ጾምም ስለገባ፣ ጸበል ወሰድኩት። እዚያ ‹ሁለቱ አብረው አይሄዱም› ብለው አስተዉት። ምን ላድርግ?»

እናታችን፣ አብረው ይሄዳሉ። ይህ ክርክር በኤችአይቪ መድኃኒት ጊዜም ተነሥቶ ነበር፤ በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች መሆናቸውን፣ አንዱ ሌላውን እንደማይቃወም በይፋ ተናግረዋል። ሩቅያ (በቁርኣን የሚደረግ ጸሎት) ለሚያስደርጉ ሙስሊም ቤተሰቦችም መልሳችን ይኸው ነው፤ ሕክምናው ሳይቋረጥ።

አሥር ቀን አይበቃም። የድባቴ ክኒን ለውጡ መታየት የሚጀምረው ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ነው፤ ሙሉ ፍሬው ከዚያም ይቆያል። በመካከሉ አንድ አስቸጋሪ ወቅት አለ። ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚመለሰው ጉልበት ነው፤ ስሜቱ ዘግይቶ ይከተላል። ሲነሣና ሲቀመጥ አይተው «ዳነ» ብለው ዓይንዎን ከእሱ አያንሡ። ከ25 ዓመት በታች ያለ ልጅ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቢቁነጠነጥ፣ ቢቆጣ፣ እንቅልፍ ጨርሶ ቢያጣ፣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ለሐኪሙ ይንገሩ። አሁን ስላቋረጠ ራስዎ አያስጀምሩት፤ ይዘውት ይመለሱ፣ ከምን መጠን እንደሚቀጥል ሐኪሙ ይወስን። ከዳነ በኋላም ክኒኑን ከ9 እስከ 12 ወር ይወስዳል፤ ሲያቆምም በአንድ ቀን አይደለም፣ በሐኪም ምክር ቀስ በቀስ ነው።

የጾሙ ነገር ቀላል ነው። ሐኪሙን «ጿሚ ነው፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይቀምስም» ይበሉት፤ ብዙዎቹን ክኒኖች ከጾም መፍቻ በኋላ ወይም ወደ ማታ ማዛወር ይቻላል። ጸበል በባዶ ሆድ ጠጥቶ የሚያስመልሰው ከሆነ ክኒኑን ከዚያ በፊት አይስጡት፤ አብሮ ይወጣል። ክኒኑን እርስዎ ይያዙ፣ የዕለቱን ብቻ ይስጡ፤ ሐኪሙም የወሩን በአንድ ጊዜ ሳይሆን የአንድ ወይም የሁለት ሳምንት እንዲያዝለት ይጠይቁ። ጸበል ቦታ ያለ አስታማሚ አይተዉት። ማሰር ግን አይሆንም፤ ሰንሰለት ቁስልና ውርደት ይጨምራል እንጂ ሐሳቡን አያነሣም።

የንስሐ አባታችሁን ያስገቡበት። ልጁ ከእርስዎ የሚደብቀውን ለእሳቸው ሊናገር ይችላል። አስቀድመው ግን «ክኒኑን እንዳይተው ይምከሩልኝ» ብለው ይንገሯቸው፤ ሳይነገራቸው እንዲያውቁ አይጠብቁ።

*

«ሽምብጥ አካባቢ ያለን የቡና ማኅበርተኞች ነን። የጎረቤታችን ልጅ ሞክሮ ተርፎ ከሆስፒታል ወጣ። ምን ብለን እንግባ? ‹እግዜር ይማርህ› ይባላል ወይስ እንዳላየ ማለፍ ይሻላል? ግማሾቻችን እናቱ ታፍራለች ብለን ቀርተናል።»

ግቡ። እግሩን ሰብሮ ቢሆን ኖሮ ብርቱካንና ዳቦ ይዛችሁ ገብታችሁ ነበር፤ ያንኑ ይዛችሁ ግቡ። «እንኳን ተረፍክልን» በሉት። «ለምን?» አትበሉት፤ ሲፈልግ ይናገራል። አሥር ሆናችሁ አይደለም፣ ሁለት ሁለት ሆናችሁ። ከዚያ ወጥታችሁ ቡና ላይ ስትቀመጡ ወሬው አይቀዳ። ይህ ከሁሉ እንደሚከብዳችሁ እናውቃለን።

ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ ያሉት የመጀመሪያዎቹ ሳምንታትና ወራት ከሁሉ የሚያሰጉ ናቸው። ሰው ግን መጠየቅ የሚተወው ያን ጊዜ ነው፤ ልክ ኀዘን ቤት ድንኳኑ ሲነሣ እንደሚበተነው። ለዚህ የዓለም ጤና ድርጅት ያስጠናው አንድ ቀላል ዘዴ አለ። በብራዚል፣ በሕንድ፣ በስሪላንካ፣ በኢራንና በቻይና ሞክረው የተረፉ 1,867 ሰዎች ተሳተፉ፤ ውጤቱ የታተመው በ2008 እ.ኤ.አ. ነው። ለግማሾቹ የተለመደው ሕክምና ብቻ ተሰጠ። ለቀሩት በዚያ ላይ አንድ ሰዓት ያህል ምክርና ከወጡ በኋላ 9 ጊዜ «እንዴት ነህ?» ብሎ መጠየቅ ተጨመረ፣ በስልክ ወይም በአካል። በ18 ወር ውስጥ ካልተጠየቁት 2.2 በመቶ፣ ከተጠየቁት 0.2 በመቶ ራሳቸውን አጠፉ።

ዘጠኙ ቀኖች እነዚህ ናቸው፦ በ1ኛው፣ በ2ኛው፣ በ4ኛው፣ በ7ኛውና በ11ኛው ሳምንት፤ ከዚያ በ4ኛው፣ በ6ኛው፣ በ12ኛውና በ18ኛው ወር። እዚያ የጠየቁት የሠለጠኑ ሰዎች ነበሩ፤ እናንተ የሐኪሙን ቦታ ባትይዙም ቀን መቁጠር ከእናንተ በላይ የሚያውቅበት የለም። ዕቁብ የሚጻፍበት ደብተር አላችሁ። ዘጠኙን ቀን በዓመተ ምሕረታችን ጻፉና በየቀኑ አንጻር የአንዳችሁን ስም አስቀምጡ፤ የቀረች ካለች ተረኛዋ ትተካ። ጥየቃው ሁለት ነገር ይበቃዋል፦ እንዴት ነህ፣ ክኒኑና ቀጠሮው ላይ ነህ ወይ። «ሐሳቡ ተመልሶብኛል» ካለ ለእናቱ ነግራችሁ አብራችሁት ወደ ሐኪም።

ቻድ ቫራ የሚባል የለንደን ቄስ በ1953 እ.ኤ.አ. ራሳቸውን ሊያጠፉ ያሰቡ ሰዎች የሚደውሉበት ስልክ ከፈተ። ሰዉ በዝቶ ተራ መጠበቅ ሲጀምር ሻይ የሚያፈሉ በጎ ፈቃደኞች አስቀመጠ። ጥቂት ሲቆይ አንድ ነገር አየ፤ ሻዩን እየጠጡ ከበጎ ፈቃደኞቹ ጋር ካወሩት ብዙዎቹ እሱ ጋ መግባት ሳያስፈልጋቸው ይመለሱ ነበር። በማግሥቱ ዓመት የማዳመጡን ሥራ ለሻይ አፍዮቹ ለቀቀላቸው። ቡና አፍልታችሁ ሦስተኛው ሲኒ እስኪደርስ የምትቀመጡት እናንተ፣ ግማሹን ሥራ ሳታውቁት ስትሠሩት ኖራችኋል።

*

«እኔው ነኝ። ለቤተሰብ አልተናገርኩም። ቀን ሥራ ላይ ደህና ነኝ፤ ማታ ማታ ነው የሚመጣብኝ። በስልኬ ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር እጻጻፋለሁ፤ እንደኔ የሆኑ ናቸው፣ ያጽናኑኛል። ይህ ይበቃኛል ወይ?»

እህታችን፣ መጻፍሽ መልካም ነው። እነዚያን ሰዎችም አትተያቸው። ፊትሽን ለማያውቅ ሰው መናገር የሚቀለው ኀፍረቱ ስለማይከተልሽ ነው፤ «እኔም እንዲሁ ነበርኩ» የሚለውን ደግሞ ካለፈበት ሰው በቀር ማንም ሊልሽ አይችልም። ጉድለቱ አንድ ነው፤ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ በርሽን ማንኳኳት አይችሉም። ስለዚህ ከመካከላቸው አንዱ የምትኖሪበትን ከተማና ቅርብሽ ያለ የአንድ ሰው ስልክ ይያዝ።

ሁሉም ስብስብ ግን አንድ አይደለም። ደኅናው ስትጠፊ ይፈልግሻል፣ «ሐኪም አይቶሻል?» ይልሻል፣ ስለ አሟሟት ዝርዝር ሲጻፍ ያጠፋል። ዘዴ የሚያማርጥ፣ «መብትሽ ነው» እያለ የሚያደፋፍር፣ ፎቶ ወይም ገንዘብ የሚጠይቅ፣ ክኒን አትውሰጂ የሚል ካጋጠመሽ ሳትሰናበቺ ውጪ።

ማታ ለሚመጣው ደግሞ አንድ ወረቀት አዘጋጂ፤ ቀን፣ ደህና በሆንሽበት ሰዓት። ስድስት መስመር አለው። አንደኛው፣ መምጫው፦ ለምሳሌ «ስልክ ማንሣት ስተው፣ እራት ሲያስጠላኝ»። ሁለተኛው፣ ብቻሽን ሆነሽ ሐሳቡን የሚያስረሳሽ፦ ገላ መታጠብ፣ ዳዊት መድገም፣ ልብስ ማጠብ፤ «ራሴን አረጋጋለሁ» ብለሽ አትጻፊ፣ እጅ የሚይዝ ሥራ ይሁን። ሦስተኛው፣ ስለ ችግሩ ሳታወሪ አብረሽው የምትቀመጪው ሰው ወይም ሰው የሚበዛበት ቦታ፦ ጎረቤት ቤት፣ ጁስ ቤት፣ የቤተ ክርስቲያን ግቢ። አራተኛው፣ ችግሩን የምትነግሪው ሰው፦ ስምና ስልክ፣ ቢቻል ሁለት። አምስተኛው፣ የሕክምና ቦታው፦ የምትሄጂበት ሆስፒታልና 907። ስድስተኛው፣ ከቤት የሚወጣው ነገር፦ ምን እንደሆነ አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ማን እንደሚወስደው ጻፊ። አጠቃቀሙ በተራ ነው፤ አንደኛው ካልያዘ ወደሚቀጥለው። ቢበረታብሽ ግን ተራ አትጠብቂ፣ ወደ አምስተኛው ዝለይ።

ብዙ ሰው ስድስተኛውን መስመር ባዶ ይተወዋል፤ ወረቀቱ የማይሠራውም በዚያ ነው። ሁለተኛው ስሕተት አራተኛው ላይ ያልተነገረውን ሰው ስም መጻፍ ነው። የጻፍሽውን ሰው አስቀድመሽ «ማታ ብደውል ታነሺልኛለሽ?» በያት።

ጫት የምትቅሚ ከሆነ ማታው የሚከብድበት አንዱ ምክንያት እሱ ሊሆን ይችላል። ምርቃናው ሲለቅ ስሜት ይወርዳል፣ እንቅልፍ ይጠፋል፤ በዚያ ላይ ጨብሲ ሲጨመር ልጓም የለም። ሰውን አይተን አንፈርድም፤ ሰዓቱን ግን መዝግቢ፣ ለሁለት ሳምንት የቃምሽበትንና ያልቃምሽበትን ማታ አስተያዪ።

ሥራ ቦታዬ ይሰማል ብለሽ ከሐኪም አትቅሪ። ፈቃድ ስትጠይቂ «ሕክምና አለኝ» ማለት ይበቃል። ከሠፈርሽ የራቀ ጤና ጣቢያም መሄድ ትችያለሽ። ሞክረው ከተረፉ 10 ሰዎች 9ኙ ገደማ ኋላ ራሳቸውን አጥፍተው አይሞቱም፤ አንቺ ደግሞ እዚያም ሳትደርሺ ነው የጻፍሽልን።

ወረቀቱን አጥፈሽ በስልክሽ ሽፋን ውስጥ አስቀምጪው፤ ማታ መጀመሪያ የምታነሺው ስልኩን ነውና። አራተኛው መስመር ላይ ለጻፍሽው ሰው ዛሬ ከመምሸቱ በፊት ደውዪ።